ወራጅ አለ ብዬ የጮህኩበት ከተማ

የትራሙ በር ሲዘጋ ልጄ ውጭ ነበረች፣ እኔ ውስጥ። ሕፃኗ እኔ ደረት ላይ ናት። ትዕግስት ባዶውን የልጅ ጋሪ ቀድማ አውርዳ እጇን ልትሰጠኝ ዞር ስትል፣ ሁለቱ የበሩ ክንፎች ፊቴ ላይ መጥተው ገጠሙ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ወራጅ አለ!»

በአገሬ እንዲህ ብዬ ያልቆመልኝ ታክሲ የለም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ትራሙ ግን ሄደ። ልጄ መስታወቱን በመዳፏ እየመታች ጥቂት ሮጠችና ወደ ኋላ ቀረች። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምጿን አልሰማም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቦርሳዬ፣ ፓስፖርቴ፣ የቤቱ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም ጋሪው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የልጅቷ ወተትም እናቷ ደረት ውስጥ ሆኖ እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይሄ የሆነው ሮም ነው። ከተመለስኩ ወዲህ በዕድር ድንኳንም በመንገድም «እስኪ የሮምን አጫውቺን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እንደ ወሬ አንብቡት። እንደ እኔ ልጆቻቸው ጋ ለሚሄዱ እናቶች የሚሆን ምክርም አለበት። ግን በሩ ከመዘጋቱ በፊት ያለውን ካልነገርኳችሁ አይገባችሁምና ከቂርቆስ ልነሳ።

እሑድ

ልጄ ትዕግስት ሮም ከገባች ቆይታለች። አንዲት አሮጊት ጣሊያን ስትጠብቅ ኖራ፣ አግብታ፣ እዚያው ወለደች። የባሏ ሥራ ሌላ ከተማ ነው፤ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። አራስ ልጄ አጠገብ ሰው የለም ማለት ነው። እኔ ቂርቆስ ቁጭ ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። ቪዛው ሲጓተት ሕፃኗ ሁለት ወር አለፋት። የክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተሳካ።

ጎረቤቴ ዘይነባ ጅዳ ሠርታ የመጣች ናት። በግቢያችን አውሮፕላን የምታውቅ እሷ ብቻ ስለሆነች አስተማሪዬ ሆነች። ሻንጣዬን በገመድ እያሰረችልኝ፣

«የትዕግስት እናት፣ ቅቤውን ደጋግመሽ ጠቅልዪው። ከሸተተ ያወርዱሻል» አለችኝ።

«የት ነው የሚያወርዱኝ፣ ደመና ላይ?»

«እኔ ምን አውቄ! ደግሞ ስሚኝ፣ የሳቀልሽን ሰው አትጠጊ። ሌባ ነው።»

«ያልሳቀልኝስ?»

«እሱንም አትጠጊ።»

እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጡትን የማላውቃቸውን ሽማግሌ እጅ ጨብጬ ያዝኩ። «አይዞሽ፣ አሁን ቀጥ ይላል» አሉኝ። ቀጥ ካለም በኋላ አልለቀቅኳቸውም። ምግብ መጣ፣ መለስኩት። ነጠላዬን ተከናንቤ ውዳሴ ማርያሙን የማውቀውን ያህል እየደጋገምኩ ነጋልኝ። የምትሄዱ፣ ከመስኮት ራቅ ያለ ወንበር ስጡኝ በሉ። ታች ያለውን ደመና ማየት ለማንም አይበጅም።

ሰኞ

ጠዋት ሮም ደረስን። መጀመሪያ የገጠመኝ ራሱ የሚሄድ የብረት ደረጃ ነው። እግሬን ላስቀምጥ ስል ይሸሸኛል። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። አንድ ጎረምሳ ሊረዳኝ ቦርሳዬን ሲይዝልኝ የዘይነባ ነገር ትዝ አለኝና ነጠቅኩት። ልጁ ሳቀ፤ ጭራሽ ፈራሁት። በመጨረሻ ወደ ጎን ዞር ብዬ ሳይ የማይሄድ ደህና ደረጃ አለ። ሁልጊዜም ከጎኑ አለ፤ ፈልጉት።

ትዕግስት በር ላይ አቅፋኝ አልቅሳ አልቅሳ፣ ከአጠገቧ ያለውን ጋሪ አሳየችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጅሽ ናታ እማዬ። ሶስና።»

«ሰማንያዋ ያልሞላ ልጅ ለነፋስ አወጣሽ? ለሰው ዓይን?»

«እማዬ፣ እዚህ ሐኪሙ ራሱ አውጪያት ነው የሚለው።»

«ሐኪሙ ወልዶ ያውቃል?»

ልጄ ሳቀች። እኔ ግን በባቡሩ መንገድ ሁሉ የጋሪውን መሸፈኛ በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት።

ቤቱ ያረጀ ፎቅ ላይ ነው፣ ሁለት ክፍል። የውጭ ግድግዳው እንደ እኛ ሰፈር ቤት ተልጧል። አውሮፓ ሁሉ አዲስ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እነሱ ያረጀውን አያፈርሱም፣ ይደግፉታል። ካዛንቺስ በኩል ቤት ሲፈርስ ያየ ሰው ይሄ ይገርመዋል። ከቤቱ አጠገብ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የእኛ ቤት ከጀርባው፣ ከዳቦ ቤት ጎን ነው። ይሄን ሳይ ልቤ ትንሽ ረጋ።

«እማዬ፣ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር በቃልሽ ያዢ» አለችኝ ትዕግስት።

«ለምን? ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አይደል? ቂርቆስ ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር የመንገድ ስም ይዤ አላውቅም።»

«እዚህ እንደዛ አይሆንም።»

«ቤተ ክርስቲያን ቦታ አይቀይርም» አልኳትና ተኛሁ።

ማክሰኞ

ዳቦ ልንገዛ ወጣን። ጥግ ላይ ከብረት ቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ የሚቀዳ ሰው የለም፣ ወረፋ የለም፣ ጀሪካን የለም። ደነገጥኩ። እኛ ቦኖ ላይ ተራ ስንጠብቅ እየዋልን ይሄ መሬት ይጠጣዋል! መዝጊያውን ፈልጌ ዙሪያውን ዳሰስኩት፣ የለውም።

«እማዬ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተሰብሮ ነው መሰለኝ፣ ሰው ጥሪ።»

«አልተሰበረም፣ እንደዚህ ሲፈስ ነው የሚኖረው። ጠጪ፣ ንጹሕ ነው።»

ጠጣሁ። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሮም ስትሄዱ ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ አለ። እኔ ግን እስክመለስ ድረስ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄ ወደ መዝጊያው ይሄድ ነበር።

የመንገዱ ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ትናንሽ ሆኖ የተተከለ። ለክብር ብዬ ያደረግኩት ተረከዙ ቀጭን ጫማ በድንጋዮቹ መሐል ገብቶ ቀረ፤ እኔም በአንድ እግሬ ቆሜ ቀረሁ። ትዕግስት ነጭ የስፖርት ጫማ ገዛችልኝ፣ ልክ እንደ ኳስ ተጫዋች። አፈርኩ። ሐሙስ ቀን ያንን ጫማ ባላደርግ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ጠፍጣፋ ጫማ ያዙ።

ምሳ ከታች ያለችው ባልቴት ጎረቤቷ ጠራችን። ፓስታ ነው። ደስ አለኝ፣ የማውቀው ምግብ ነው ብዬ። ስቀምሰው መሐሉ አልበሰለም! ለልጄ በአማርኛ «መልሰው እሳት ላይ ይጣዱት» አልኳት፤ እሷ ለሴትየዋ ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ ሴትየዋ ግን በደስታ ደግማ ሞላችልኝ። እንግዳ ተቀባይነታቸው ከእኛ አይተናነስም፤ ጉርሻው ብቻ ነው የሌላቸው።

ረቡዕ

በትራም የሕፃን ዕቃ ልንገዛ ሄድን። ትራም ማለት ከተማ ውስጥ የሚሄድ ባቡር ነው። ትኬቱን ከሱቅ ገዝታችሁ፣ ገብታችሁ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ታስነክሱታላችሁ። ካላስነከሳችሁ ተቆጣጣሪ ይቀጣል። እኔ ይሄንን ከሰማሁ ወዲያ ትኬቱን በሁለት እጄ ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

«ረዳቱ የታለ?» አልኳት።

«ረዳት የለም።»

«ታዲያ ሹፌሩን ማን ያስቆመዋል?»

«በየፌርማታው ራሱ ይቆማል። ያችን ቁልፍ ተጭነሽ ቶሎ መውረድ ነው።»

ቶሎ የሚለውን አልሰማሁትም። በመስኮት እያየሁ ነበር። ልጄ ድንገት ክንዴን ያዘችና፣

«እማዬ፣ እይ እይ፣ የእኛ ሐውልት!» አለች።

በሥዕል የማውቀው የአክሱም ሐውልት ነው። ያኔ ገና ወደ አገሩ አልተመለሰም። ከትልቅ ነጭ ሕንጻ ፊት፣ መኪና በሚተረማመስበት አደባባይ ላይ ብቻውን ቆሟል። እንደኔው ያለ ዘመድ የመጣ መሰለኝ።

«እንውረድና ልየው።»

«እሑድ አመጣሻለሁ።»

«ዛሬ!»

«እማዬ፣ ልጅቷ እንቅልፏ ነው። እሑድ አልኩሽ።»

ያኔ ትዕግስት ትንሽ ሳለች ትዝ አለችኝ። በቂርቆስ ንግሥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ እጇን ይዤ «ብትጠፊ ወዲያ ወዲህ አትበዪ፤ አገር ሁሉ የሚያውቀው ትልቁ በር ሥር ሄደሽ ቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ» እላት ነበር። አንድ ዓመት እውነትም ጠፋች። ነፍሴ ወጥታ ስደርስ በሩ ሥር ቆማ ሸንኮራ ትመጥጣለች። ይሄንን እዚያው ትራም ላይ አነሳሁባት።

«ሸንኮራውን ማን እንደሰጠኝ ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ

ሕፃኗ የምትከተብበት ቀን ነበር። ከክትባቱ በኋላ አለቀሰች። እኔ ጋሪውን እምቢ አልኩ። «የተወጋች ልጅ እቅፍ ነው የምትፈልገው» ብዬ በነጠላ ደረቴ ላይ አሰርኳት። ትዕግስት ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችኝም። «በቃ፣ ቦርሳሽን ስጪኝ» ብላ ባዶው ጋሪ ላይ አንጠለጠለችው። እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው ፌርማታችን የደረስነው። እሷ ጋሪውን ይዛ ወረደች። እኔ፣ በአገሬ እንደለመድኩት፣ ሰው እየወረደ በር አይዘጋም ብዬ፣ የልጅቷን ራስ በእጄ ደግፌ፣ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። በሩም ተዘጋ።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ሰዎች ቁልፉን ተጭነው አወረዱኝ። እዚያው መቆም ነበረብኝ። እናቶች፣ በትራም ከተለያያችሁ ወርዳችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ ልጄ ያንን መንገድ እየሮጠች እየመጣች ነበር። እኔ ግን ሕፃኗ ሳትነቃ ልድረስ ብዬ ሐዲዱን ይዤ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ሐዲዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱን መረጥኩ።

ብዙም ሳልሄድ ከጣሪያዎቹ በላይ ጉልላት አየሁ። «ተመስገን፣ ቤተ ክርስቲያናችን» አልኩ። ፈጥኜ ዞሬ ከጀርባው ስደርስ ዳቦ ቤቱ የለም። የተዘጋ የብረት በር ብቻ ነው ያለው። ቀና ስል ሌላ ጉልላት። ወደዚያ ሄድኩ፣ እሱም አይደለም። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ያ ከተማ ለካ በየጥጉ ቤተ ክርስቲያን ነው! እኔ አንድ ብቻ ይዤ ነው ቤቴን የማውቀው። ቂርቆስን የሚያህል ሰፈር በአንድ ደብር ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ሰፈር ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል።

ወደ አንዱ ገብቼ ሰው ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ይዤ እንዴት ልግባ? ደጁ ላይ ተሳልሜ ተመለስኩ። ውስጥ ሰው ይኖር ነበር፣ ምናልባት የሚረዳኝም፤ ግን አልገባሁም።

ያኔ ሶስና ነቃች።

መጀመሪያ አፏን ከፍታ ደረቴን ፈለገች። የእኔ ደረት ምን ይሰጣታል? ትንሿን ጣቴን አጠባኋት። ትንሽ ጠብታ ጠብታ ምንም ስታጣ ጊዜ ጮኸች። ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። ከማዶ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። «የማን ልጅ ናት?» ቢሉኝስ? ወረቀት የለኝ፣ ቋንቋ የለኝ። የሰው ልጅ ይዛ የጠፋች ብለው ከእጄ ቢወስዷት፣ ልጄን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ፊቴን አዙሬ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባሁ፤ ይባስ ጠፋሁ። ሕፃኑ ቂርቆስን ጠራሁት። «አንተም በእናትህ እቅፍ ሆነህ ተጨንቀሃል፤ ይቺን ለእናቷ አድርስልኝ» አልኩት። እንባዬ በልጅቷ ራስ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

መንገዱ ሲያልቅ አንዲት አበባ የምትሸጥ ወፍራም ሴትዮ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። አየችኝና ተነሥታ በርጩማውን ሰጠችኝ። ውሃ አቀረበችልኝ። አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እኔ የማውቀው «ፌርማታ» ብቻ ነው፣ እሱን አልኩ። ፌርማታ አሳየችኝ። የየትኛው እንደሆነ በምን ልንገራት? ፌርማታውም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ነው።

ተስፋ ቆርጬ ልጅቷን ስወዘውዝ፣ ያቺ በሩ ሥር ቆማ ሸንኮራ የምትመጥጠው ትንሿ ትዕግስት ፊቴ ድቅን አለች። አገር ሁሉ የሚያውቀው ቦታ። በዚህ አገር እኔና ልጄ የምናውቀው፣ ሰዉም ሁሉ የሚያውቀው ምን አለ?

ብድግ አልኩ። «አክሱም!» አልኳት፤ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ። «አክሱም! አክሱም!»

«አ! አክሱም!» አለች ሴትየዋ፤ በሁለት እጇ ረጅም ነገር በአየር ላይ ሣለች። ከዚያ ሳቀችልኝ።

የሳቀልሽን ሰው አትጠጊ ብላኝ ነበር ዘይነባ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሴትየዋ አበባዋን ለጎረቤት ሱቅ አደራ ብላ ክንዴን ያዘች። ግን ሌላ ማን አለኝ? ሄድኩ። ትራም ልታሳፍረኝ ስትል ራሴን ነቀነቅኩ፤ ያንን በር ዳግመኛ አላምነውም። ገባት መሰለኝ፣ በእግር ወሰደችኝ። መንገዱ ረጅም ነው። በነጩ የኳስ ጫማዬ ሮጥኩ ማለት ይቻላል፤ እሷ ታለከልካለች፣ ግን ክንዴን አልለቀቀችም። በመንገዳችን ያንን ክቡን፣ ትልቁን፣ ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚሄደውን ፍርስራሽ አለፍነው። «ኮሎሲየምን አየሽው?» ትሉኛላችሁ። አልፌዋለሁ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሐውልቱ ሥር ስንደርስ ማንም የለም። መኪና ብቻ ነው። ሶስና መጮህ አቆመች፤ ዝም ስትል የባሰ ፈራሁ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አበባ ሻጯ መሐረቧን በውሃ አርሳ ከንፈሯን ነካካችላት። «ብትጠፊ ወዲያ ወዲህ አትበዪ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አልተነቃነቅኩም። ልጄ ባትመጣስ? ይሄ ቦታ ትዝ ባይላትስ? ፀሐይዋ ወደ ሕንጻው ጀርባ ዘቅዘቅ ማለት ጀመረች። በየአቅጣጫው የሚመጣውን ሰው ሁሉ በዓይኔ አየሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ባዶውን ጋሪ ነው። አስፋልቱን አቋርጦ ይመጣል፣ ቦርሳዬ ከጎኑ ይወዛወዛል። ከኋላው ልጄ።

«እማዬ!»

ነጠላውን ፈትታ ልጅቷን ወሰደች፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፣ አጠባቻት። እኔ በነጠላዬ ከለልኳቸው። ሶስና ስትውጥ ድምጿ ይሰማል። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«እንዴት እዚህ መሆኔን አወቅሽ?» አልኳት ቆይቼ።

«ሁለት ፌርማታ ሮጥኩ፣ ቤት ሄድኩ፣ የለሽም። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፣ እናቴ ብትጠፋ የት ትቆማለች? ብዬ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሸንኮራ ብቻ ነው የጎደለሽ።»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ልቅሶ ሆነ። አበባ ሻጯም ቆማ ታለቅሳለች፣ ምን እንደተባባልን ሳታውቅ። አቅፋ ሳመችኝ፣ አንድ ነገር ለልጄ ተናግራ ወደ አበባዋ ተመለሰች።

«ምን አለችሽ?»

«እናትሽን ጋሪው ውስጥ አስቀምጪያት አለችኝ።»

ሐውልቱን ቀና ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ዓይኔን ወደ ልጆቼ መለስኩ። ሶስና ጠግባ ተኝታለች። ትዕግስት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላለች። ተገናኝተናል። ደህና ነን።